«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ስለ ማለት

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል ሽማግሌ ስለ ተናገረው ብቻ እውነት ነው ብለን ልንቀበለው አይገባንም። እኔ አልቀበለውም። የማልቀበለውም አባቶቼን ንቄ አይደለም። ይህን ቃል መጀመሪያ የተናገረው ሰው ምናልባት ልጁ በርክቶ እህሉ ያነሰበት፣ ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ጧት ልቡን የሚያሳርፍበት ነገር የፈለገ ድኻ ይሆናል። ለእርሱ ቃሉ መጽናኛ ነበረ፤ በዚህ ማንም አይፈርድበትም። ዛሬ ግን መጽናኛ መሆኑ ቀርቶ ማመካኛ ሆኗል። የሚናገሩትም የቸገራቸው ሰዎች ብቻ አይደሉም። ቡናውን ሸጦ ቤቱን በቈርቈሮ የከደነ፣ ለሠርግ ሰንጋ የሚጥል አባወራ፣ ሦስት ዓመት የሞላው ልጁ በግድግዳ ጥግ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲውል እያየ «ተዉት፣ በዕድሉ ያድጋል» ይላል።

እኔ የምኖረው በቢላ ነው። ቢላ ከነቀምቴ በጊምቢ በኩል አልፈው የሚደርሱባት፣ በቡና የምትተዳደር የወለጋ ትንሽ ከተማ ናት። እንግዲህ የቡና ነገር ከተነሣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ከአገራችን ገበሬዎች መካከል «ቡና በዕድሉ ያፈራል» ሲል የተሰማ ማን አለ? እኔ አንድም ሰው አልሰማሁም። ገበሬው ዘሩን መርጦ በመደብ ላይ ያፈላል፤ ችግኙን ፀሐይ እንዳያቃጥለው ዳስ ይጥልለታል፤ ጕድጓድ ምሶ ያዛውረዋል፤ የጥላ ዛፍ ያቆምለታል፤ ይኰተኵተዋል፤ አንዲት ፍሬ ሳይለቅም ሦስት አራት ዓመት ይጠብቀዋል። ቅጠሉ ቢጠወልግ ጎረቤቱን ጠርቶ ያሳያል፤ ወደ ግብርና ሠራተኛ ይሮጣል። «የቡናው ዕድል ነው» ብሎ አይተኛም። ችግኙን ለዕድል ያልተወ ሰው ልጁን ለዕድል የሚተወው ስለ ምን ነው?

ደግሞም ነገሩን በቍጥር መመርመር ይቻላል። በአገራችን በየጥቂቱ ዓመት የሕዝብና የጤና ጥናት ይደረጋል። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናት አምስት ዓመት ካልሞላቸው የኢትዮጵያ ልጆች ከመቶው 58ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ፣ ሐኪሞች የቀነጨሩ የሚሏቸው ሆነው ተገኙ። በ2016 እ.ኤ.አ. ይኸው ቍጥር ወደ 38 ወርዶ ታየ። እንግዲህ ዕድል በ16 ዓመት ውስጥ ጠባይዋን ለወጠችን? ከዚያ በፊት የተወለዱት ልጆች የተጠሉ፣ ከዚያ በኋላ የተወለዱት የተመረጡ ነበሩን? እንዲህ የሚል ሰው ካለ ወጥቶ ይናገር። ክትባት ተስፋፋ፤ በየቀበሌው ጤና ኬላ ቆመ፤ ብዙ ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፤ የገበሬውም ምርት ከፍ አለ። ሰው ሠራ፣ ልጅ ረዘመ፤ የዕድል ሥራ በዚህ ውስጥ የቱ ላይ እንደ ሆነ አይታየኝም። መቶ ውስጥ 38 ደግሞ ገና እጅግ ብዙ ነው።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ጊዜ ጕሮሯቸውን ጠርገው «እኛስ ያለ ምርምር፣ ያለ ጥናት አድገን የለምን?» ይላሉ። ይህ ክርክር ሲሰሙት ያስቃል፤ ሲያስቡበት ግን ያስለቅሳል። በዚያው በ2000 እ.ኤ.አ. ጥናት ከሚወለዱት ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ቍጥሩ 67 ሆነ። «እኛ አድገናል» ብሎ የሚከራከረው እንግዲህ ያደገው ሰው ነው። ያላደገውማ መጥቶ አይከራከርም። ሸንጎ ላይ አንደኛው ወገን ብቻ ቀርቦ በተናገረ ጊዜ ዳኛ ሊፈርድ አይገባውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሳይሞቱ መቅረትና መርዘም የሰው ልጅ እድገት ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ በቀላሉ አይታይም፤ ይኸውም አፍ መፍታት፣ ነገር መለየት፣ በጣት መልቀም፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ ጠይቆ መረዳት ነው። በዚህ በኩል የተደረገና ልንኰራበት የሚገባ ምርምር ከወለጋ ጎረቤት ከጅማ ወጥቷል፤ ከእኛ አገር ብዙ ሰው ግን አልሰማውም።

የሕፃናትን እድገት ለመመርመር በዓለም ላይ ከሚሠራባቸው መመዘኛዎች አንዱ በአሜሪካ አገር በዴንቨር ከተማ የተዘጋጀው ነው። መጀመሪያ በ1967 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በ1992 ተሻሽሎ 125 ጥያቄዎች ያሉት ሆነ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ልጁ ለራሱ የቍርስ እህል ከካርቶን አፍስሶ፣ ወተት ጨምሮ ማዘጋጀት ይችል እንደ ሆነ ይጠይቃል። ሌላው በካርታ ወይም በገበታ ላይ የሚደረገውን ጨዋታ ይችል እንደ ሆነ ይጠይቃል። የቢላ ልጅ ይህን ቢጠየቅ ምን ይመልሳል? የቍርስ እህል የሚሸጥበትን ካርቶን አላየም። ጥጃ ከእናቱ ለይቶ ማሰር ግን ያውቃል። ይህን መመዘኛ እንዳለ ይዞ መጥቶ «የኢትዮጵያ ልጅ ዘገምተኛ ነው» ብሎ መጻፍ እንዴት ያለ ግፍ ይሆን ነበር! የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጅግ ዩኒቨርሲቲዎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ለአገሩ የማይስማሙትን ጥያቄዎች ለውጠው፣ ከ1500 በላይ የጅማ ልጆችን መርምረው፣ ልጅ በስንት ወሩ ምን ማድረግ እንደሚችል በራሳችን ልጆች ልክ አወጡ። ይህም በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። በእኔ አሳብ ይህ ብቻውን ሐውልት የሚያሠራ ሥራ ነው። ለሌላ ሰው ልጅ በተሰፋ ጃኖ የእኛ ልጅ እንዳይለካ አድርገዋልና።

በዚህ ግን አልቆሙም። እጅግ ድኻ ከሆኑ ቤተሰቦች የተወለዱ የጅማ ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ወገን ጨዋታን የሚያስተምሩ ሰዎች ወደ ቤታቸው እየሄዱ እናት ወይም አሳዳጊ ልጁን እንዴት እንደምታጫውት፣ እንዴት እንደምታነጋግረው፣ ምን በእጁ እንደምትሰጠው ያሳዩ ጀመር። ለሁለተኛው ወገን ይህ አልተደረገም። ምግብ አልጨመሩም፣ ገንዘብ አልሰጡም። ከወራት በኋላ ሲመረምሩ የተጫወቱት ልጆች በቋንቋም፣ ከሰው ጋር በመግባባትም ካልተጫወቱት በልጠው ተገኙ። ይህ በ2018 እ.ኤ.አ. ታተመ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ከዚህ የሚጠነክር ነገር አሳተሙ። በከባድ የምግብ እጥረት ታመው በጅማ ሆስፒታል የተኙ፣ ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን እንዲሁ በዕጣ ከፍለው፣ ለሁሉም የሚገባው ሕክምናና ምግብ ሲሰጣቸው ለአንደኛው ወገን ጨዋታን ጨመሩለት፤ ቤታቸው ከገቡም በኋላ ተከታተሏቸው። ጨዋታ የተጨመረላቸው በአካል እንቅስቃሴና በእጅ ሥራ ቀድመው ሄዱ። በሁሉ ነገር በለጡ አልተባለም፤ ተመራማሪዎቹም አላሉም። እኔም ከጻፉት አልፌ አልመሰክርላቸውም።

ልብ በሉ፤ ልጆቹ የተከፈሉት በዕጣ ነው። ዕጣ ደግሞ ዕድል ማለት ነው። ዕድልን ለሁለቱም ወገን እኩል ካካፈሉ በኋላ የቀረው ልዩነት የሰው ሥራ ብቻ ነው። የልጁ እናት ከልጇ ጋር ስታወራ ያወራችው ነገር ነው ልዩነቱ። እኔ ብዙ ክርክር ሰምቼ አውቃለሁ፤ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን ቃል እንዲህ ከሥሩ የነቀለ ክርክር ግን አልሰማሁም።

«ጨዋታ የጥጋብ ነገር ነው፤ ለተራበ ልጅ እንጀራ እንጂ ጨዋታ ምን ያደርግለታል?» የሚሉም አሉ። በወለጋ ባለፉት ዓመታት ስንት ቤተሰብ ከቀዬው እንደ ተፈናቀለ ለሚያውቅ ሰው ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። እንጀራው ይቅደም ማለትም ትክክል ነው። ነገር ግን በጅማ ሆስፒታል የተኙት ልጆች ጠግበው ለመጫወት የመጡ አልነበሩም፤ ረኀብ አጥንታቸውን ያስቈጠራቸው ነበሩ። ጨዋታው የረዳው እነርሱን ነው። በጃማይካ ደሴት በኪንግስተን ከተማም እንዲሁ ሆኗል። በ1986 እና በ1987 እ.ኤ.አ. ከድኻ ሰፈር 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመርጠው፣ ለአንዳንዶቹ በየሳምንቱ አንዲት የጤና ሠራተኛ እየሄደች፣ ከቤት ዕቃ በተሠሩ መጫወቻዎች እናትና ልጅ አንድ ሰዓት እንዲጫወቱ ታሳይ ነበር። ይህ ሁለት ዓመት ቆየ። ከ20 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ሄዱና እነዚያን ልጆች ጐልማሶች ሆነው አገኟቸው። የተጫወቱት ካልተጫወቱት ይልቅ ደመወዛቸው ከመቶ 25 ይበልጥ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣው ይህ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት! በቢላ ገበያ ቀን ጠላ ቤት የሚያልፈውን ሰዓት ብቈጥር ስንት ልጅ ያሳድግ እንደ ነበር ለአንባቢ እተዋለሁ።

ከዚህም ሁሉ የሚገርመው የተገኘው ነገር ለእኛ ባዕድ አለመሆኑ ነው። እሹሩሩ የምትለው አያት ይህን ታደርግ ነበር። በኦሮሞ ቤት ማታ እሳት ዳር ልጆች «ሂቦ» እየተባባሉ እንቆቅልሽ ሲጠያየቁ አእምሯቸውን ያሠሩ ነበር። ለአራስና ለተሰበረ ሰው አንጮቴ ቀቅላ የምታበላው የወለጋ ሴት፣ በሥሩ ውስጥ አጥንት የሚጠግን ካልሲየም እንዳለበት ኬሚስት ሳይነግራት በልምድ ይዛዋለች። እንግዲህ «አባቶቻችን ያለ ምርምር አሳደጉን» የሚለው ሰው አባቶቹ የሠሩትን ትቶ የተናገሩትን አንዲት ቃል ብቻ ይዞ ቀርቷል። አያቱ ትዘምርለት ነበር፤ እርሱ ግን ለልጁ ስልኩን ሰጥቶ ያስቀምጠዋል።

እስካሁን የተናገርሁት በአባወራው ላይ ነው። አሁን ፊቴን ወደ ተማረው ሰው አዞራለሁ፤ ቍጣዬም በእርሱ ላይ ይበረታል፤ ብዙ የተሰጠው እርሱ ነውና።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ከማን ተገኘ? ከእናቶች ተገኘ። ቤታቸውን ከፍተው፣ ሥራቸውን ፈትተው፣ የሞተባቸውን ልጅ ስም እየጠሩ ከተናገሩ እናቶች ነው። ወዴት ሄደ? ወደ እንግሊዝኛ መጽሔት ሄደ። የጅማው ምርምር ከታተመ ዓመታት አልፈዋል። በቢላ ያሉ እናቶችን፣ አባቶችንም፣ የሕፃናት አስተማሪዎችንም ጠይቄ ነበር፤ ስለዚህ ነገር የሰማ አንድ ሰው አላገኘሁም። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ትልቅ ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ በ20 ስፍራ 3000 ልጆችን ከሕፃንነት እስከ ጐልማሳነት ሲከታተል ኖሯል፤ ስለ ምግባቸውም፣ ስለ ትምህርታቸውም፣ ስለ ሥራቸውም፣ ስለ ጋብቻቸውም የተጻፈው ወረቀት ግመል አይጭነውም። አብዛኛው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እኔ የተመራማሪዎቹን ትጋት አልነቅፍም። የምነቅፈው ዕውቀቱ ወደ ላይ ብቻ የሚፈስ ወንዝ መሆኑን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የተላኩ ሁለት ወጣቶች መጠይቅ ይዘው ወደ ሰፈራችን መጥተው ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለምና። እኔ በዚያ ቀን በጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ወጣቶቹ ጨዋዎች ነበሩ፤ ሴትዮዋንም የአገሩ ልማድ እንደሚያዝዘው «ሐርሜ» እያሉ በትሕትና ይጠይቋት ነበር። ስንት ወለዱ? ስንቱ በሕይወት አለ? ትላንት ልጆቹ ስንት ጊዜ በሉ? ውኃ ከየት ይቀዳሉ? ሴትዮዋ ቡናውን ትታ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መለሰች። ስለ ሞቱት ሁለቱ ስትናገር ድምፅዋ ተለወጠ፤ ልጅቷም በወረቀቱ ላይ «2» ብላ ጻፈች። በመጨረሻ ሴትዮዋ በተራዋ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። ይህ ትንሹ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ እስካሁን አፉን አልፈታም። ምን ባደርግለት ይሻለዋል?» ልጅቷ ወረቀቱን አገላበጠች። እንዲህ ላለው ነገር የተዘጋጀ ስፍራ በወረቀቱ ላይ አልነበረም። «ሐርሜ፣ እኛ መረጃ ሰብሳቢዎች ነን፤ ውጤቱ ሲወጣ ይነገርዎታል» አለች። አንድ ሳሙና ሰጥተው አመስግነው ሄዱ።

ውጤቱ አልመጣም። ልጁ አፉን የፈታው በአራተኛ ዓመቱ ነው። ጎረቤቶችም «አየሽ፣ በዕድሉ ተናገረ» አሏት። እኔ ግን የባከኑትን ሁለት ዓመታት እቈጥራለሁ። በዚያን ጊዜ «ጆሮውን ሐኪም ይይለት፤ እስከዚያው ስትሠሪ አጠገብሽ አስቀምጠሽ የምትሠሪውን ሁሉ እየጠራሽ ንገሪው፤ ድምፅ ሲያወጣም መልሺለት» የሚላት ሰው ቢኖር ምን ያስወጣ ነበር? ወጣቶቹን ጥፋተኞች አላደርግም፤ እንዲህ ብለው እንዲመልሱ ማንም አላስተማራቸውም። ጠይቆ መሄድን ብቻ ነው የተማሩት። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሊቅ ግን በልቡ ምን ብሎ ነበር? ከእናቲቱ የሚፈልገውን ከወሰደ በኋላ ልጇ ምን እንደሚሆን ካላሰበ፣ እርሱም ባያውቀው ነው እንጂ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብሏል። አባወራው ያለ ትምህርት ያለውን ሊቁ በዲግሪ አለው።

ሊቃውንቱ ለራሳቸው ያወጡት ሕግ እንኳ ይህን አይፈቅድላቸውም። የዓለም የሐኪሞች ማኅበር በ1964 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ከተማ በሰው ላይ ስለሚደረግ የሕክምና ምርምር መግለጫ አውጥቶ ነበር። ይኸው መግለጫ በ2013 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ ሲወጣ በምርምሩ የተካፈለ ሰው ሁሉ የምርምሩን አጠቃላይ ውጤት የመስማት ምርጫ ሊሰጠው እንደሚገባ ይናገራል። ይህን መግለጫ የማይጠቅስ የጤና ተመራማሪ የለም፤ በየጽሑፉ መጀመሪያ ስሙ ይጠራል። ጎረቤቴ ግን ሳሙናዋን ጨርሳ ውጤቱን ትጠብቃለች።

«ምርምር ለመንግሥትና ለባለሙያ ነው እንጂ ለመንደር ሴት አይደለም፤ ብትነገርም አይገባትም» የሚል መልስ ሲሰጥ ሰምቻለሁ። ይህን የሚሉ ሰዎች የራሳቸውን ትምህርት ታሪክ አያውቁም። እናትና ሕፃን እንዴት እንደሚተሳሰሩ ዛሬ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የሚሰጠው ትምህርት አንደኛው ሥሩ ያለው በአፍሪካ መንደር ነው። ሜሪ ኤንስዎርዝ የተባለች ሊቅ በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. በዩጋንዳ በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች የ26 እናቶችን ቤት እየዞረች፣ ሕፃኑ እናቱን ተማምኖ እንዴት ርቆ እንደሚድህና እንዴት ተመልሶ እንደሚመጣ ስታይ ከረመች። ያየችውንም በ1967 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣች። ከዚያ በፊት ብዙ ሊቃውንት ሕፃን እናቱን የሚወድዳት ስለምታበላው ብቻ ይመስላቸው ነበር። የጋንዳ እናቶች ሊቃውንቱን ለማስተማር አዋቂዎች ከሆኑ፣ የቢላ እናት ለመማር አዋቂ አይደለችም ማለት ምን ዐይነት ሚዛን ነው?

ሁለተኛው ምክንያት ቋንቋ ነው። «በኦሮምኛ ሳይንስ መጻፍ ያስቸግራል» ይላሉ። እኔ ለዚህ መልስ የምሰጠው በሁለት ሰዎች ነው። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም በልጅነታቸው ከባርነት ነጻ የወጡ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲም፣ በጀትም፣ ኮምፒዩተርም አልነበራቸውም። አስቴር የሕዝቡን ተረትና እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን እያስታወሰች 500 ያህል ሰበሰበች፤ ከዚያም ብዙው ገብቶበት በ1894 እ.ኤ.አ. በምፅዋ አቅራቢያ ለኦሮሞ ልጅ ማንበቢያ የሚሆን መጽሐፍ ታተመ። ኦነሲሞስም በ1904 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ጀመረ። ከሕዝብ አፍ ሰብስቦ ለሕዝብ ልጅ መመለስ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። በዚያችው በነቀምቴ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በጊምቢና በሻምቡም ቅርንጫፍ አለው። ኦሮምኛ የሚያስተምሩ መምህራን፣ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ የተማሩ መምህራን፣ የጤና መምህራን በአንድ ግቢ ውስጥ ይመላለሳሉ። ከ130 ዓመት በፊት ሁለት ሰዎች በባዕድ ማተሚያ የቻሉትን ሥራ ዛሬ አይቻልም ማለት ያሳፍራል።

ሦስተኛውን ምክንያት፣ ማለት የገንዘብን ነገር፣ በአጭሩ አልፈዋለሁ። 40 ገጽ መጠይቅ በሺህ ቅጂ ለማባዛት የተገኘ ገንዘብ አንድ ገጽ መልስ ለማባዛት አይጠፋም። ተላላኪም አይጠፋም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው የሠለጠኑ ሴቶች ተመድበዋል፤ ቤት ለቤት መሄድ ልማዳቸው ነው፤ የእናቶችንም ስም ያውቃሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወጣቶች ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዳንዶቻችሁ ያንኑ መጠይቅ ይዛችሁ የሰው ደጅ ታንኳኳላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚባለው ይጠብቃችኋልና። በዚያን ጊዜ መምህራችሁ የናሙናውን ብዛት፣ የስሌቱን ዐይነት፣ የጠቀሳችኋቸውን መጻሕፍት ይጠይቃችኋል። የጠየቃችኋቸው ሰዎች ምን መልስ እንዳገኙ ግን ላይጠይቃችሁ ይችላል። እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁት። «ውጤቱን ለእናቶቹ የምንነግረው መቼ ነው? በማን ቋንቋ ነው? መንገዱንስ ማን ይከፍላል?» በሉት። ጥሩ መምህር ከሆነ ደስ ይለዋል። ቅር የሚለው ከሆነም ቅር ይበለው፤ እናንተ ቡናዋን የጠጣችሁት የእርሱን አይደለም፣ የእናቲቱን ነው።

ያ አንድ ገጽ ምን ይጻፍበት ለሚል ሰው የጅማና የኪንግስተን ሥራ መንገዱን አሳይቷል፤ በአገራችን ቤት በሚገኝ ዕቃ ምሳሌውን እኔ ልጻፍ። ለስድስት ወር ልጅ የሚጨብጠው ንጹሕ ነገር፣ አፉ ውስጥ የማይገባ ትልቅ ይሁን። ለአንድ ዓመት ልጅ ከጨርቅ የተጠቀለለ ኳስ፣ ክዳኑ የጠበቀ ጠጠር ያለበት ጠርሙስ፣ እያነሣ የሚከተውና የሚያወጣው ጣሳ። ለሁለት ዓመት ልጅ ስም መጥራት፤ አፍንጫ፣ ጆሮ፣ ላም፣ ጀበና፣ ስኒ። ለሦስት ዓመት ልጅ የቡና ፍሬ ቀዩን ከአረንጓዴው መለየት፣ እንጨት በርዝመቱ መደርደር፣ ማታ አንድ ተረት፣ አንድ ሂቦ። አባትም ይጫወት። በሦስተኛ ዓመቱ የማይናገር፣ ሲጠሩት የማይዞር ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ይህ ሁሉ በኦሮምኛ በአንድ ፊት፣ በአማርኛ በሌላው ፊት ቢታተም ወረቀቱ አይሞላም። ለክትባት ቀን እናቶች ሕፃናቶቻቸውን አዝለው ጤና ኬላው ደጃፍ ተራ ሲጠብቁ ብዙ ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ማንበብ የምትችል አንዲት ልጅ ብትገኝ ጮክ ብላ ልታነብላቸው ትችላለች።